ጥላውን ያሰበችው ሴት

የአዳይቱን ጥላ መጀመሪያ የሰማሁት እንደ ወሬ ነው። ልብ ወለድ መሆኑን ያወቅሁት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። እነዚያን ዘጠኝ ቀናት፣ አምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ፣ ጎማ ለመፍታት ጎንበስ ባልኩ ቁጥር የገዛ ጥላዬን ዞር ብዬ አየው ነበር።

የምኖረው አዋሽ ከተማ ነው። ከዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነኝ። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ሾፌሮች ጋቢና ውስጥ አንብበው የሚተዉት ወረቀት ነው፤ ጋዜጣ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ፣ የመድኃኒት መመሪያ ሳይቀር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚህ መንገድ ላይ የሚነበብ አጥቼ አላውቅም።

ያን ቀን ጠዋት ደንበኛዬ የሆነ አንድ አፋር ግመል ነጋዴ የፒካፑን ጎማ እያስነፋ ከጎኔ ቁጢጥ አለ።

"ከአዳይቱ ከተማ ወዲህ ያለውን ትልቁን ግራር ታውቀዋለህ?" አለኝ።

"ሴትዮዋ ሻይ የምትሸጥበትን?"

"እሱን። በቀትር እንዳታርፍበት።"

ምክንያቱን ነገረኝ። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ልክ በስድስት ሰዓት እዚያ ቆመ። ከዛፉ ጥላ ጎን ሌላ ጥላ አየ። ዛፍ የለውም፣ ድንጋይ የለውም፣ ደመናም የለም፤ የምንም ያልሆነ ጥላ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ነበርና ገብቶ ጋደም አለ። ሲነሣ ረዳቱ በማያውቀው ስም ጠራው። እየቀለደ መስሎት መንጃ ፈቃዱን ቢያወጣ እዚያም ላይ ፎቶው የራሱ፣ ስሙ ግን ያ የማያውቀው ስም ነበር።

"አንተ አይተሃል?" አልኩት።

"አላየሁም። የነገረኝ ገዋኔ ያለ ሰው ነው። ለሱ የነገረው የአዳይቱ ሰው ነው። ለአዳይቱው የነገረው አብዱልበሲጥ ነው፤ ሰመራ መሥሪያ ቤት ጥበቃ የሚሠራው። ለአብዱልበሲጥ የነገረችው እዚያው መዝገብ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ለሷ የነገራት ሾፌሩ ራሱ ነው።"

ይህን የስም ሰንሰለት እንደ ትውልድ ቆጠራ ሲዘረዝርልኝ አመንኩት። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ሰላም ብሎ ብቻ አይተላለፍም። ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ያየውን አየሁ ይላል፤ የሰማውን ከማን እንደሰማ ስም ጠርቶ ይናገራል፤ የሚሰማውም እስኪጠራለት ይጠይቃል። ዳጉ ውስጥ ውሸት ያስገባን ሰው ከዚያ ወዲያ ማንም "ምን ሰማህ?" ብሎ አይጠይቀውም። ሠላሳ ዓመት እዚህ ስኖር ጎርፉንም የመንገዱን መዘጋትም ከሬዲዮ ቀድሜ የሰማሁት በዳጉ ነው። ተሳስቶብኝ አያውቅም ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጉልላት መጣ። ጉልላት ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ከሰመራ ወረቀት ያመጣልኛል። ወረቀቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ አራት ገጽ፣ በእጅ ተጽፎ ፎቶ ኮፒ የተደረገ፣ በስቴፕለር የተያያዘ፣ ከታች "መንበረ፣ ሰመራ" የሚል። አስፈሪ ታሪኮች ናቸው። ሰውን በስሙ የሚጠራ ጉድጓድ፣ የተሳፋሪውን ቁጥር በአንድ አሳድጎ የሚያሳይ የሾፌር መስታወት፣ እንዲህ ያለ። መጀመሪያ ሳነብ ልቤ ስለከበደኝ ንስሐ አባቴን ኃጢአት እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። "እስቲ ልየው" ብለው ወሰዱት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልመለሱትም። በመጨረሻ ከቅዳሴ በኋላ ጠርተውኝ፣ "ሰውየው ከጉድጓዱ ወጣ እንጂ ወንድሙ የት ደረሰ? የሚቀጥለው ገጽ የለህም?" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሳልጨነቅ አነባለሁ።

ጉልላት የሰጠኝን ወረቀት ገለጥኩ። "የቀትር ጥላ" ይላል። አዳይቱ፣ ግራሩ፣ ረዳቱ፣ መንጃ ፈቃዱ። ሁሉም እዚያው ነው።

"ጉልላት፣ ይሄ እኮ የተደረገ ነገር ነው" አልኩት።

"አዎ፣ ጋሼ ደግነት፣ ጉድጓዱም በስምህ እየጠራህ ነው" ብሎ ሳቀብኝ።

"አልቀለድኩም። ከገዋኔ በዳጉ መጥቶ ነግረውኛል። አብዱልበሲጥ ነው ያወራው ተብሏል።"

ሳቁ ጠፋ። "የሷ መሥሪያ ቤት ጥበቃ? ወይ ጉድ። እኔም በአዳይቱ ሳልፍ ዛፉ ሥር ሰው አላየሁም። ሙቀቱ ነው ብዬ ነው" አለ። ጎማው ሳይጠናቀቅ ስልክ ማውጣት ጀመረ፤ ከዚያ ተወው። "ይሄ በስልክ የሚነገር አይደለም። ስመለስ በአካል እነግራታለሁ" አለ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የነገሩኝ መንበረና ጉልላት ናቸው። ለየብቻ ጠይቄያቸዋለሁ፤ አይጋጭም።

መንበረ ያደገችው ዱብቲ ነው። አባቷ ለአንድ ወቅት ጥጥ ለቀማ ብሎ ከወሎ ወርዶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። ጥጥ መዳመጫው ግድግዳ ሥር፣ በምሳ ሰዓት፣ ከየአገሩ የመጡ ሠራተኞች እያረፉ አስፈሪ ወሬ ያወጉ ነበር። አንዱ ገደል ውስጥ ስለሚኖር ጭራቅ፣ አንዱ ጫካ ውስጥ ስለሚያለቅስ ነገር። መንበረ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ገደልም ጫካም አይታ አታውቅም። "ሁሉም ፍርሃቱን ከአገሩ ይዞ መጥቷል፤ ለኛ ሜዳ የሚሆን ግን ማንም አላመጣም ብዬ አስብ ነበር" አለችኝ። አሁን አርባ ሊሞላት ነው፤ ሰመራ ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፣ የምትጽፈውም ያንኑ ያልመጣውን ነው።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ለሚታተም መጽሔት ልካ ነበር። አዘጋጁ፣ "ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉም በጠራራ ፀሐይ ሆነ። በሌሊት አድርጊውና መልሰሽ ላኪው" ብሎ ጻፈላት። አላደረገችውም። "በኛ አገር ሌሊት ሰው የሚተነፍስበት ነው። የሚያስፈራው ቀን ነው" አለችኝ። ይህን ስትለኝ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው የቀትር ጋኔን ትዝ አለኝ፤ ሰው የረሳውን እሷ አልረሳችውም። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም አንዱን ታሪኳን አነበበላት፤ ሰዓቱ አልበቃ ብሎ መጨረሻውን ቆርጦ ዘፈን አስገባበት። ከዚያ ወዲያ አርባ ኮፒ እያስነሣች ለሾፌር መስጠት ጀመረች። ሾፌሮቹ ከዲቾቶ እስከ አዋሽ ያድሉታል፤ አንባቢ ከጀርባው አስተያየት ጽፎ ይመልሳል። "ይሄኛው እኔን አላስፈራኝም፤ ሚስቴ ግን መስታወቱን በጨርቅ ሸፍናዋለች" የሚለውን አሳይታኛለች። እንደ ምስክር ወረቀት አጣጥፋ ነው የያዘችው።

የምትጽፈው በቀትር ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ሰመራ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ከረፋዱ ተዘግተው አስር ሰዓት ገደማ ነው የሚከፈቱት። ሰው ቤቱ ሄዶ ይተኛል፤ እሷ መዝገብ ቤት ውስጥ ከማራገቢያው ሥር ትቀራለች፣ ጊዜ ባለፈበት ቅጽ ጀርባ ላይ ትጽፋለች። ያላረጋገጠችውን ቦታ አትጽፍም። ለአዳይቱው ታሪክ ጉልላትን፣ ግራሩ ከአስፋልቱ ስንት እርምጃ እንደሚርቅና ቅርንጫፉ ወደየት እንደሚያጋድል ሦስት ጊዜ ጠይቃዋለች።

ታሪኩን በጨረሰችበት ቀን አብዱልበሲጥ ከእረፍቱ ተመልሶ መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። አብዱልበሲጥ የአዳይቱ ሰው ነው፤ ቤተሰቡም እዚያው ነው። በልማዱ ያየውን የሰማውን ሁሉ ነገራት፣ ከዚያ "አንቺስ መንበረ፣ ምን ሰማሽ?" አላት።

እሷ የመጨረሻውን መስመር ገና ማስቀመጧ ነው። ልቧ ሙሉ ነበር። ታሪኩን ነገረችው።

"አይተሻል?" አላት።

"እኔ አላየሁም።"

"ማን ነገረሽ?"

"ሾፌሩ ራሱ" አለች፤ ታሪኩን የሚተርከው እሱ ነዋ።

"የየት አገር ሰው ነው? መኪናው ባዶ ነው ጭነት አለው? ረዳቱስ ጥላውን አይቷል?"

"ወሎዬ ነው። ማዳበሪያ ጭኗል። ረዳቱ ውሃ ሊቀዳ ሄዶ ነበር፤ ምስኪን፣ ሲመለስ ነው ያገኘው።"

"ሱብሃነላህ" ብሎ ተነሣ።

"ሃያ ዓመት ጽፌ እንደሱ አድርጎ የጠየቀኝ አንባቢ የለም" አለችኝ መንበረ። "በደስታ ወረቀቱ ላይ ያልነበረውን ሁሉ እዚያው ፈጠርኩለት። ስጽፍ ሁልጊዜ ስለሚያየኝ ታሪክ መሆኑን ያውቃል ብዬ ነበር። ግን መዝገብ ቤት ቁጭ ብሎ የማይጽፍ ማን አለ?"

እሷ ጥሩ አንባቢ ያገኘች መሰላት። እሱ ጥሩ ወሬ ነጋሪ ያገኘ መሰለው። በማግስቱ ወሬው አዳይቱ ደረሰ።

ወሬው የጎዳው ሃፍሳን ነው፤ ግራሩ ሥር ሻይ የምታፈላውን ሴት። ደንበኛ ቀረባት። ግመል የሚነዱ ሰዎች ጥላውን ትተው በጠራራው ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመሩ። ሃፍሳ ግን ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ቀትር በመጣ ቁጥር ግራሩን እየዞረች ባለቤት የሌለውን ጥላ ፈለገች። ከዚያ ያገኘችው ጥላ ሁሉ ሥር ጋደም አለች። አምስት ቀን ተኝታ አምስት ቀን ሃፍሳ ሆና ተነሣች። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዳ፣ "አሁንም ሃፍሳ ነኝ፤ ይህን ወሬ ያመጣው ማን ነው?" አለች። ሽማግሌዎቹ ሰንሰለቱን ተከትለው አብዱልበሲጥ ላይ ደረሱ።

መንበረ ከጉልላት ስትሰማ አንድ ነገር ገባት። ሰሞኑን ወደ መሥሪያ ቤቱ በር የሚመጡት አፋሮች ከአብዱልበሲጥ ጋር ቁጭ አይሉም ነበር። እጅ ነስተው ቆመው ይሄዳሉ። ወጥታ ከጎኑ ተቀመጠች።

"እንግዶችህ ምን ሆኑ?"

"ሙቀቱ ነው።"

"ሙቀቱ ዘንድሮ ነው የመጣው?"

"ተይኝ መንበረ።"

"አብዱልበሲጥ፣ ሾፌሩ የለም። እኔ ነኝ ያሰብኩት።"

ዞሮ አያት። "ማዳበሪያውስ?"

"የለም።"

"ረዳቱስ? ውሃ ሊቀዳ የሄደው?"

"እሱም የለም።"

"ወላሂ ለሱ አዝኜ ነበር" አለ፤ ቀጥሎም፣ "አስር ቀን ሆነ። አንድ ሰው ምን ሰማህ አላለኝም። ወንድሜ እንኳ ደውሎ ስለ ጤናዬ ብቻ ጠየቀኝ" አላት።

ያን ዕለት ፈቃድ ጠየቀች። በማግስቱ ሁለቱም ጉልላት ጋቢና ውስጥ ገብተው አዳይቱ ወረዱ። መንበረ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ስታሰላስል እንደነበር ነግራኛለች፦ መጻፍ አቁሚ ካሏት ልታቆም። የአብዱልበሲጥ ቃል ከተመለሰ ይበቃኛል ብላ ለራሷ ወስናለች።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት እዚያው ግራሩ ሥር ነው። ትልቁ ሽማግሌ አማርኛ ስለማይችሉ አስተርጓሚ ያስፈልግ ነበር። አብዱልበሲጥ እንዳይሆን የተከሰሰው እሱ ነው። ሽማግሌው ሃፍሳን መረጡ። "የተጎዳችው እሷ ናት፤ ቃሉን አታለሰልስም" አሉ።

"አየሽ?" አሏት መንበረን።

"አላየሁም፣ አባቴ።"

"ያየ ሰው ነገረሽ?"

"አልነገረኝም። ሾፌሩ ነገረኝ ያልኩት ልክ አልነበረም። ሾፌር የለም።"

"ታዲያ ከየት መጣ?"

"ከሐሳቤ።"

ሃፍሳ ይህን ከመተርጎሟ በፊት መንበረን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ሽማግሌዎቹ ለረጅም ጊዜ እርስ በርስ ተነጋገሩ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ሃፍሳ አልተረጎመችውም።

"ምን አሉ?" አለች መንበረ።

"መጀመሪያ የኔ ነገር ይለቅ" አለች ሃፍሳ። ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። ሃፍሳ ተነፈሰች። "ሾፌሩ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ በየትኛው ስም ጠራችው ይላሉ።"

ጉልላት ሳቁን ለመደበቅ ጎማ ሊያይ ተነሣ።

መንበረ መጨረሻውን ነገረቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ፍርዱን ሰጡ። አብዱልበሲጥ የሰማውን ከማን እንደሰማ ስም ጠርቶ ነው የተናገረው፤ ስለዚህ አልዋሸም። ወሬው ከአፏ የወጣው ሴት ግን ወሬው በሄደበት መንገድ ሁሉ ሄዳ በገዛ አፏ ትመልሰው። እስክትመልሰው ድረስ እሱንም ማንም "ምን ሰማህ?" አይለውም።

"መጻፌንስ?" አለች።

ሃፍሳ ጠይቃ መለሰችላት። "ግመል የሚያረባን ሰው አታርባ አይባልም። ግን ምልክት ሳታደርግበት የለቀቅሽው ግመል ከሰው ግመል ይቀላቀላል፤ ከዚያ ጠብ ነው። ያንቺ የሆነውን ምልክት አድርጊበት ነው የሚሉት።" ቀጥላም በራሷ ቃል፣ "አሁን ደግሞ እዚህ ትተኛለሽ" አለቻት።

መንበረ በሁሉም ፊት፣ በጠራራው ቀትር፣ ጥላው ሥር ተጋደመች። የእውነት እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ግመል ነጂዎች ሳይቀሩ ቆመው ያይዋት ነበር።

"ስምሽ ማን ነው?" አለች ሃፍሳ።

"መንበረ።"

"እንግዲህ ሻይ ጠጪ።"

አብዱልበሲጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። እሷ ከጉልላት ጋር ወደዚህ ወረደች። መኪናው በቆመበት ሁሉ ወርዳ፣ ሰው ሰብስባ፣ "የአዳይቱን ጥላ የፈጠርኩት እኔ ነኝ" ትላለች። ገዋኔ ላይ አንድ ምግብ ቤት ያለው ሰውዬ አላመናትም። "እህቴ፣ አትድከሚ። ሾፌሩን አውቀዋለሁ፤ እዚህ ምሳ በልቷል" አላት። "ምን በላ?" አለችው። "ጥብስ" አለ፣ ሳያመነታ። ያልነበረ ሰው ጥብስ በልቶ መሄዱን ስትነግረኝ በሳቅ እንባዋ መጣ፤ ከዚያ እንባዋን ጠረገች። "ያስፈራል አይደል?" አለችኝ። "እኔ ከጻፍኩት ይልቅ ይሄ ያስፈራል።"

የመጨረሻዋ ማረፊያዋ የኔ ደጃፍ ነበር። አስር ሰዓት ገደማ ነው። አቧራ የለበሰች፣ አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ከጉልላት መኪና ወረደች። ስንት ጊዜ ስሟን ከወረቀት ግርጌ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም።

"ጋሼ ደግነት እርስዎ ነዎት? የዛፉን ወሬ ሰምተዋል አሉ። ውሸት ነው። ያሰብኩት እኔ ነኝ" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት። ውሃ ሰጠኋት፣ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ልጠይቃት የፈለግኩት ነገር ነበረኝ፤ የወጣኝ ግን አንድ ብቻ ነው። "ስትጽፊው አንቺን አያስፈራሽም?"

ውሃውን አስቀመጠች። "ከመጻፌ በፊት ነው የሚያስፈራኝ። ከጻፍኩት በኋላ የት እንዳለ አውቀዋለሁ" አለች። ከዚያ ጨነቅ ብሏት፣ "አሁን ግን ሰዎቹ ያምኑኝ አያምኑኝ አላውቅም። የሚበዙት ስቀው ነው የለቀቁኝ። ሰንሰለቱ ካልተመለሰ አብዱልበሲጥ እዚያ በር ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል" አለችኝ። እግዚአብሔር ያቃናልሽ አልኳት። በማግስቱ ጠዋት በአውቶቡስ ተመለሰች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ያ ግመል ነጋዴ ደንበኛዬ መጣ። የፒካፑ ያው ጎማ ነው፤ ያው ምስማር መንገድ ላይ የሚጠብቀው ይመስላል። ከጎኔ ቁጢጥ አለ።

"ያን የአዳይቱን ጥላ ነግሬህ ነበር" አለ።

"ነግረኸኛል።"

"የለም። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ናት ያሰበችው። ሽማግሌ ፊት ቀርባ አምናለች።"

"ከማን ሰማህ?" አልኩት። የጎማ መፍቻውን እንደያዝኩ መልሱን ጠበቅሁ።

"ከገዋኔ ሰው። እሱ ከአዳይቱ ሰው። የአዳይቱ ሰው ሰመራ ሄዶ ከበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጠየቀው፤ አብዱልበሲጥ ነው የነገረው" አለ።

"አብዱልበሲጥ ነገረው ነው የምትለኝ?"

"አብዱልበሲጥ ነው ያለው" አለ፣ ለምን ሁለት ጊዜ እንደጠየቅኩት ግራ ገብቶት። "ምነው?"

"ምንም። ደስ ብሎኝ ነው።"

ጎማውን ነፍቼ ጨረስኩ። ከወንበሬ ሥር ጉልላት በዚያ ሳምንት ያመጣው አዲስ ወረቀት ነበር። ነጋዴው አየው። "ሌላም አስባለች አሉ" አለኝ። "አንብብልኝ እስቲ።"

አወጣሁት። ከርዕሱ በላይ በትልልቁ የተጻፈ መስመር አለ። እሱን አስቀድሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፦ "አላየሁም፤ ከማንም አልሰማሁም፤ አሰብኩት።"

"እሺ" አለ፣ ጀርባውን ለጎማው ሰጥቶ እየተመቻቸ። "ቦታው የት ነው?"